ልጄ የቴሌግራም ማረጋገጫ ቁጥሩን ለማያውቀው ሰው ሰጠ፤ ስልኩን እንቀማው ወይስ እናስተምረው?

ጠያቂ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ አዲስ አበባ

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ ትምህርት ቤቱ የቤት ሥራ የሚልከው በቴሌግራም ስለሆነ ለ11 ዓመት ልጄ በአንድ አሮጌ ስልክ አካውንት ከፍቼለት ነበር። በጨዋታ ቡድን ውስጥ የተዋወቀው ሰው «ዳይመንድ (የጨዋታው ውስጥ መገበያያ) በነፃ እሞላልሃለሁ፤ አሁን የሚደርስህን ቁጥር ብቻ ላክልኝ» ሲለው ላከለት። ሰውየውም በዚያ ቁጥር ልጄ አካውንት ውስጥ ገብቶ ለዘመዶቻችን እየጻፈ በቴሌብር ገንዘብ ጠየቀ፤ ታላቅ ወንድሜ እኔን የቸገረኝ መስሎት 2,000 ብር ላከ። ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ግን ልጄ አባቱን ፈርቶ ነገሩን ሦስት ቀን መደበቁ ነው። ባለቤቴ ልጁ ስምንተኛ ክፍል እስኪደርስ ስልክ እንዳይነካ ወስኗል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

መልስ 1፦ የአይሲቲ መምህር

እህቴ፣ እኔንም ያሳሰበኝ ያ ሦስት ቀን ነው። ቴሌግራም አዲስ የገባ መሣሪያ ቀድሞ የነበረውን ወዲያውኑ እንዲያስወጣ አይፈቅድም፤ ይህን ማድረግ የሚችለው 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ልጁ በዚያው ዕለት ነግሮዎት ቢሆን ኖሮ፣ በእጃችሁ ባለው ስልክ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ፣ «ዲቫይስ» የሚለውን ከፍታችሁ እንግዳውን መሣሪያ ማስወጣት ትችሉ ነበር። ልጁ ዝም ያለው እንደሚቀጣ ስለገመተ ነው፤ አሁን ስልኩ ቢወሰድበት ግምቱ ልክ እንደነበር ይረዳል፣ ቀጣዩን ችግርም አጥብቆ ይደብቃል።

እኔ በክፍል ውስጥ ከቁጥሩ ጋር የሚመጣውን መልእክት ከተማሪዎቼ ጋር ቃል በቃል አነባለሁ። መልእክቱ ራሱ ቁጥሩን ለማንም፣ ከቴሌግራም ነኝ ለሚልም ጭምር፣ እንዳይሰጡ ያስጠነቅቃል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሚደርሳቸው ልጆቹ ቁጥሩን እንጂ ማስጠንቀቂያውን አያዩም። ከዚያ እኔ አታላዩን ሆኜ እጽፍላቸዋለሁ፣ እነርሱ እምቢ ማለትን ይለማመዳሉ። «ቶሎ በል፣ ጊዜው ሊያልፍብህ ነው» ስላቸው የሚደናገጡት ብዙዎች ስለሆኑ፣ ጥድፊያው ራሱ የማታለል ምልክት መሆኑን ደጋግሜ አሳያቸዋለሁ። በተጨማሪም ከቁጥሩ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብርተው የይለፍ ቃሉን እርስዎ ይያዙት፤ ያን ጊዜ ልጁ ቁጥሩን ቢሰጥ እንኳ ሌላው ሰው መግባት አይችልም።

መልስ 2፦ የሦስት ልጆች አባት

የመምህሩን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ ሆኖም የባለቤትዎም ስጋት መሠረት አለው። ፌስቡክና ቲክቶክ እንኳ አካውንት ለመክፈት 13 ዓመት መሙላትን ይጠይቃሉ። የቤት ሥራውን በእርስዎ ስልክ አብራችሁ ብትከታተሉት ይሻላል። እኔ ጉግል ፋሚሊ ሊንክ ጭኜ የልጆቼን ሰዓት እገድባለሁ፣ የሚያወርዱትንም መተግበሪያ አጸድቃለሁ፤ ይሁንና ፋሚሊ ሊንክ በመልእክት ውስጥ የተባለውን ስለማያሳይ ብቻውን አልተማመንበትም።

መልስ 3፦ የሕግ ባለሙያ

እባክዎ ምንም መልእክት አያጥፉ። በቴሌግራም አንደኛው ወገን ንግግሩን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ስለሚችል፣ ወንድምዎ የሰውየውን መልእክቶችና የቴሌብር ደረሰኙን ዛሬውኑ ስክሪንሾት ያንሱ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ መግባትንም ሆነ በኮምፒዩተር ማታለልን በወንጀልነት ስለደነገገ፣ ማስረጃውን ይዛችሁ ለፖሊስ ማመልከት ትችላላችሁ።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ መልሶቻችሁን ከባለቤቴ ጋር አነበብናቸው፤ ስልኩ ሳሎን እንዲቀመጥና የቤት ሥራው በእኔ ስልክ እንዲታይ ተስማምተናል። ልጄም ለአጎቱ ራሱ ደውሎ የሆነውን ሁሉ ነገረው። አሁን ግን 2,000 ብሩን ከሚጠራቀምለት ገንዘብ ልክፈል እያለ ነው። ብፈቅድለት ኃላፊነትን ይማርበታል፣ ወይስ እውነቱን በመናገሩ እንደተቀጣ ይቆጥረዋል?