«የአዋጁን በጆሮ» እና የንጉሥ አሾካ ድንጋዮች

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። «የአዋጁን በጆሮ» ስንል ሁሉ የሰማውን ነገር እንደ ምስጢር ማንሾካሾክ ማለታችን ነው፤ እዚህ ላይ ችግር የለብኝም። የኔ ጥያቄ «አዋጅ» ራሱ ላይ ነው። የጥንቱ የሕንድ ንጉሥ አሾካ ድንጋይ ላይ ያስቀረጸውን «አዋጅ» ልበለው ወይስ «ጽሑፍ»? ማንበብ ለማይችል ሰው የድንጋይ ጽሑፍ ምን ያደርግለታል?

መልስ፦
እህቴ፣ «አዋጅ» በይው። አሾካ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የማውርያን መንግሥት የገዛ ነው። ቃሉን ቋጥኝና ዓምድ ላይ ሲያስቀርጽ እንዲነበብለት ብቻ አልነበረም፤ እንዲሰማለትም ነበር። ዳውሊ የሚባል ቦታ አለ፣ በዛሬዋ ኦዲሻ ውስጥ። እዚያ ያለው ድንጋይ ሹማምንቱን ያዛል፦ ቲሽያ በሚባለው ኮከብ ቀን ይህ ይሰማ፣ በመካከሉም አጋጣሚ ሲገኝ አንድ ሰው ብቻ ቢሆን እንኳ ይስማው ይላል። ለአንድ ሰው የሚነገር አዋጅ! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። «የአዋጁን በጆሮ» እዚህ ላይ ነቀፋ መሆኑ ቀርቶ የመንግሥት ሥራ ሆነ።

ደግሞ 4ኛው የቋጥኝ አዋጅ ላይ «ብሄሪጎሶ» እና «ዳማጎሶ» የሚሉ ቃላት አሉ። «ብሄሪ» የጦር ከበሮ ነው፣ በኛ ነጋሪት። «ጎሶ» ድምፅ ነው። (ከኛ «ጎሰመ» ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው፣ እንዳትሳሳቱ።) ንጉሡ የሚለው የነጋሪቱ ድምፅ የዳማ፣ ማለትም እሱ የሚሰብከው የመልካም አኗኗር፣ ድምፅ ሆነ ነው። እኛም ነጋሪትን ከ«ነገረ» ነው ያወጣነው፤ የሕግ ጋዜጣችንም እስከ ዛሬ «ነጋሪት ጋዜጣ» ይባላል። ስለዚህ ይህን ዓረፍተ ነገር አማርኛ ያለ ምንም ጭንቅ ይሸከመዋል።

አንድ ልጨምር። ድንጋዮቹ ላይ «ሌካፒታ» የሚል ቃል ይመላለሳል። «የተጻፈ» ብላችሁ አትተርጉሙት። «ያስጻፈው» ነው። የኛ «አስ-» ልክ ቦታው ላይ ትገባለች።

ሌላ አባል፦
ታዲያ «ዳማ»ን ምን እንበለው? ብዙ ሰው «ሃይማኖት» ሲል አያለሁ፣ አይዋጥልኝም።

መልስ፦
ለኔም አይዋጥልኝም። ደግነቱ ንጉሡ ራሱ ፈትቶልናል። 2ኛው የዓምድ አዋጅ ላይ «ዳማ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅና ይመልሳል፦ ጥቂት ኃጢአት፣ ብዙ በጎ ሥራ፣ ርኅራኄ፣ ልግስና፣ እውነት፣ ንጽሕና። እንደኛ የቃል ፍቺ ሲሰጥ አያችሁት? በ1958 እ.ኤ.አ. ካንዳሃር፣ አፍጋኒስታን ውስጥ፣ በግሪክና በአራማይክ የተጻፈ አዋጁ ተገኝቷል። የግሪኩ ተርጓሚ ለአማልክት አክብሮት የሚል ቃል መረጠ። የአራማይኩ ደግሞ «እውነት» አለው። አራማይክ የአማርኛ የሩቅ ዘመድ ስለሆነ ለእሱ አደላለሁ ማለቴ ግን አይደለም። ከንጉሡ ፍቺ ጋር የሚሄደው «ምግባር» ይመስለኛል። «ግብረ ገብ» ትንሽ የትምህርት ቤት ሽታ አለው።

ጠያቂዋ፦
አመሰግናለሁ፣ «አዋጅ» እና «ምግባር» ይዣለሁ። ግን አንድ ነገር ከበደኝ። 13ኛው የቋጥኝ አዋጅ ንጉሡ ካሊንጋ የሚባለውን አገር የወጋበትን ጦርነት ሲናዘዝ 100,000 ሰው ተገደለ፣ 150,000 ተጋዘ፣ ብዙ እጥፍም አለቀ ይላል። ዳውሊ ደግሞ ያለችው እዚያው ካሊንጋ ውስጥ ነው። ድንጋይዋ ላይ ይህ አለ?

መልስ፦
የለም። ዳውሊም፣ ጎረቤቷ ጃውጋዳም 13ኛውን አዋጅ አልያዙም። በእሱ ፋንታ ያለው ሌላ ነው፤ «ሰው ሁሉ ልጄ ነው» የሚለው። ንጉሡ ጸጸቱን ለሩቅ አገር አስነገረ፤ ሐዘኑ ቤታቸው ለገባ ሰዎች ግን አባትነቱን ብቻ። የሞቱትን ቁጥር እነሱ ከድንጋይ መስማት አያስፈልጋቸውም ነበር።