ለፓርላማችን የቱ ይሻላል? አብላጫ ድምፅ ወይስ ተመጣጣኝ ውክልና

አወያይ
የዚህ ሳምንት ክርክር ይኸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የተወካዮች ምክር ቤት አባል የሚሆነው በምርጫ ክልሉ ከቀረቡት ዕጩዎች አብላጫ ድምፅ ያገኘው ነው ይላል። ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። ከተከታዩ በአንድ ድምፅ ከበለጠ ወንበሩ የእሱ ነው። በ2009 መስከረም መጨረሻ ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ ፓርላማውን ሲከፍቱ ሕጉ ተሻሽሎ ተመጣጣኝ ውክልና፣ ማለትም ፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ ልክ ወንበር የሚካፈሉበት አሠራር፣ እንደሚገባበት ተናግረው ነበር። እንግዲህ ይቀየር ወይስ ይቆይ? ስድብ የለም። በብሔር ስም መነቋቆርም የለም፣ አጠፋዋለሁ።

ሸገር
ይቀየር። ሩቅ ሳልሄድ አዲስ አበባን ልጥቀስ። 23 ወንበር አላት። በ1997 ቅንጅት 23ቱንም ጠራርጎ ወሰደ። በ2002 ደግሞ ኢሕአዴግ 22ቱን ወሰደ። ለተቃዋሚ የቀረችው የግርማ ሰይፉ አንድ ወንበር ብቻ ነበረች። አንድ ከተማ በአምስት ዓመት እንዲህ ይገለበጣል? በ1997 ኢሕአዴግን የመረጠ አዲስ አበቤ ነበር፣ በ2002ም ተቃዋሚን የመረጠ ነበር። የሁለቱም ድምፅ ውሃ በላው።

ጎጃሜው
ወንድሜ ሸገር፣ 2002ን በቆጠራ ዘዴ ብቻ አታስረዳን። በመሀል የቅንጅት መሪዎች ታስረው ተፈተዋል። በ2001 የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሕግና የፀረ ሽብር ሕግ ወጥተዋል። ሜዳው ከጠበበ በምን ቀመር ብትቆጥረው ለውጥ የለውም። በ2007 547ቱም ወንበር ለኢሕአዴግና ለአጋሮቹ ነው የሄደው። ያን ጊዜ ተመጣጣኝ ውክልና ቢኖር ተቃዋሚ ስንት ያገኝ ነበር? እኔ ብዙም አይመስለኝም።

ሌላው ደግሞ የእኔ አባት መንገዱ ሲበላሽ፣ ማዳበሪያ ሲዘገይ የሚጮኹበት አንድ ሰው ይፈልጋሉ። በተመጣጣኝ ውክልና ያ ሰው ማነው? የፓርቲ ዝርዝር ላይ 14ኛ የተጻፈ አዲስ አበባ የሚኖር ሰውዬ?

ሸገር
አባትህ አሁን የምክር ቤት ተወካያቸውን ስም ያውቃሉ?

ጎጃሜው
😄 እሱን ተወው።

ምርጫ አስፈጻሚ ነበርኩ
ስለ ስሙ እኔ ልናገር። በ2013 አንድ ጣቢያ ላይ ነበርኩ። ሰልፉ ስላላለቀ ማታ ድረስ ነው ያስመረጥነው። ሰው ጣቱን ቀለም ተነክሮ፣ የድምፅ መስጫውን ተቀብሎ ወደ መጋረጃው ይገባል። አንዲት እናት ወረቀቱን እንደያዙ ተመልሰው ወጡና «ልጄ፣ የእነእንትና ምልክት የቷ ነበረች?» አሉኝ። መናገር እንደማልችል ነገርኳቸው፤ ተቆጡኝ። ማንም ስለ ዕጩው ስም አልጠየቀኝም። ሁሉም የሚፈልገው ምልክቱን ነው። እኛ ድሮም የምንመርጠው ፓርቲ ነው። «ሰውዬውን አውቀን ነው የምንመርጠው» የሚባለውን በዚያ ጣቢያ አላየሁትም።

ስድስት ኪሎ
ብዙ ጊዜ እዚህ ግሩፕ ላይ ጀርመን ጀርመን ይባላል። እኔ ለማስትሬት ጽሑፌ ያየሁት ሌሶቶን ነው፣ ለእኛ ከጀርመን ይቀርበናል።

እ.ኤ.አ. በ1998 ሌሶቶ ልክ እንደ እኛ በአብላጫ ድምፅ ነበር የምትመርጠው። ምክር ቤቷ 80 ወንበር ነበረው። ገዢው ፓርቲ 60 ከመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ 79ኙን ወሰደ። ሩብ ያህል ድምፅ ያገኘው ዋናው ተቃዋሚ አንዲት ወንበር ደረሰችው። ተቃዋሚው ምርጫው ተጭበርብሯል ብሎ ደጋፊዎቹን ይዞ ዋና ከተማዋ ማሴሩ ውስጥ የንጉሡ ቤተ መንግሥት ደጃፍ ተቀመጠ። መስከረም ላይ የደቡብ አፍሪካ ጦር፣ ቀጥሎም የቦትስዋና ጦር ገባ። የማሴሩ መሀል ከተማ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ።

ከዚያ ተቀምጠው ተነጋገሩ። 80ው የወረዳ ወንበር እንዳለ ቀረ፣ 40 የተመጣጣኝ ወንበር ተጨመረበት። እ.ኤ.አ. በ2002ቱ ምርጫ ያው ገዢ ፓርቲ የወረዳዎቹን ወንበር እንደገና ሊጠቀልል ምንም አልቀረውም። ግን በወረዳ ብዙ የወሰደ ከተመጣጣኙ ስለሚቀነስበት 40ው ለሌሎቹ ተከፋፈለ። ተሸናፊው 21 ወንበር ይዞ ፓርላማ ገባ። ያኔ ማንም ከተማ አላቃጠለም።

ለእኔ ትልቁ ነጥብ ይኼ ነው። ሥርዓቱ የተቀየረው መንግሥት እንዲቀየር አይደለም። ያሸነፈው ያው ነው። የተሸነፈው ግን የሚቀመጥበት ወንበር አገኘ።

ጎጃሜው
ጥሩ ነው፣ ግን የቀረውንም ንገረን እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2007 ምን ሆነ?

ስድስት ኪሎ
እሺ፣ ልክ ነህ። በ2007 ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ቀዳዳ አገኙ። በወረዳ በራሳቸው ስም፣ በተመጣጣኙ ደግሞ በትናንሽ ወዳጅ ፓርቲዎች ስም ተወዳደሩ። ስለዚህ በወረዳ ያሸነፉት ከተመጣጣኙ ሳይቀነስባቸው ሁለቴ በሉ። በኋላ ያን ለመድፈን ሁለቱን የድምፅ ወረቀት ወደ አንድ አመጡት። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ደግሞ ጥምር መንግሥት ሆነና በ2012፣ በ2015፣ በ2017 ሦስት ምርጫ ተደረገ። በ2014 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሸሽተው ነበር። ገነት ሆነ አላልኩም።

ጎጃሜው
በአምስት ዓመት ሦስት ምርጫ! እኛ አንዱን በሰላም ጨርሰን ነው?

ናታንያ
ከእስራኤል ነኝ። በሦስት ምርጫ ትደነግጣላችሁ፣ እኛ እ.ኤ.አ. ከ2019 ሚያዝያ እስከ 2022 ኅዳር አምስት መረጥን። ደክሞን ነበር። አገሩ ሁሉ አንድ የምርጫ ክልል ነው፤ 120 ወንበር፣ ወለሉ 3.25 ከመቶ። ከዚያ በታች ያገኘ ፓርቲ ምንም አይደርሰውም። ከመጋረጃው ጀርባ ስትገባ የፓርቲ ፊደል የተጻፈባቸው ቁራጭ ወረቀቶች ተደርድረው ታገኛለህ። አንዱን ፖስታ ውስጥ ትከታለህ፣ አለቀ። የሰው ስም ላይ ምልክት አታደርግም።

ግን አንድ ነገር አለ። እኛ ቤተ እስራኤል ትንሽ ነን፣ ያውም በየከተማው ተበትነናል። በወረዳ አሸናፊ ቢሆን ኖሮ በየትኛው ከተማ ብዙኃን ሆነን ነው የምናሸንፈው? አዲሱ መሳላ እ.ኤ.አ. በ1996 ፓርላማ የገባው በሌበር ፓርቲ ዝርዝር ነው። ፕኒና ታማኖ ሻታም በ2013 በፓርቲ ዝርዝር ነው የገባችው፣ በኋላ ሚኒስትር ሆነች። በሩን የከፈተው ዝርዝሩ ነው። የሚዘጋውም እሱ ነው። ተራ ቁጥርህን የሚወስነው የፓርቲው አለቃ ወይም የፓርቲው አባላት ነው። የማይደረስበት ቁጥር ላይ ካስቀመጡህ ፎቶህ ለማስታወቂያ ነው የሚሆነው። የኛ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል።

ሐዋሳ
እህቴ ናታንያ የተናገረችው ለእኛም ይሠራል። ተበትኖ የሚኖር ሰው በኢትዮጵያም ሞልቷል። በአንድ ዞን 15 ከመቶ የሆነ ማኅበረሰብ በየወረዳው 15 ከመቶ ሆኖ ይሸነፋል። ሕገ መንግሥቱ ለአናሳ ብሔረሰቦች ቢያንስ 20 ወንበር ይዟል፣ እሺ። ግን ያ ለትንንሽ ብሔረሰቦች ነው እንጂ፣ ብዛት ኖሮት ከክልሉ ውጭ ለሚኖር ሰው አይደለም።

በሌላ በኩል፣ አንድ አካባቢ ተሰብስቦ ለሚኖር ብሔር የአሁኑ ሥርዓት ይመቸዋል። የብሔር ፓርቲ በሰፈሩ 100 ከመቶ ወንበር ይወስዳል። አገር አቀፍ ፓርቲ በየቦታው 20 ከመቶ ቢያገኝ ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ ይህ ጉዳይ የቆጠራ ብቻ አይደለም። ማን ማንን መስሎ ፓርቲ ያቋቁማል የሚለውንም ይወስናል።

ሸገር
ሐዋሳ 👏 ይህን ነበር ልል የፈለግሁት።

ጎጃሜው
ልትል የፈለግኸውን ሌላ ሰው ሁሌ ይልልሃል።

አወያይ
በጨዋ 🙂። አንድ የአሠራር ጉዳይ ላንሳ። አንቀጽ 54 በአንቀጽ 105 መሠረት ነው የሚሻሻለው። ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከዚያም ከክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛው በአብላጫ ድምፅ ማጽደቅ አለባቸው።

ምርጫ አስፈጻሚ ነበርኩ
ማለትም በአሁኑ ሥርዓት ያሸነፉት ሰዎች ናቸው የአሁኑን ሥርዓት የሚቀይሩት። ማን ወንበሩን አሳልፎ ይሰጣል?

ስድስት ኪሎ
አሸናፊው ራሱ ሲፈራ ይሰጣል። ሌሶቶ ላይ ከተማው ተቃጥሎ ነው የሰጡት። ደቡብ አፍሪካ ላይ ደግሞ አፓርታይድ ሲያበቃ በድርድር ገባ። ያኔ የማንዴላ ፓርቲ ኤኤንሲ በወረዳ ቢወዳደር ይበልጥ ያተርፍ ነበር፣ ግን ተቀበለው። እ.ኤ.አ. በ2024 40 ከመቶ ገደማ ሲያገኝ ከ400ው 159 ወንበር ደረሰውና ከሌሎች ጋር መንግሥት መሠረተ።

ጎጃሜው
እሺ፣ ትንሽ ላላ ልበል። የሌሶቶው ዓይነት ቅይጥ ከሆነ፣ የወረዳው ሰው ከቀረልኝ፣ ተመጣጣኙ ላይ ብዙ አልከራከርም። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለኝ፦ ዝርዝሩ ክፍት ይሁን። ፓርቲውን ከመረጥኩ በኋላ ከዝርዝሩ ውስጥ የምፈልገውን ሰው እኔ ልምረጥ። ሊቀ መንበሩ የአክስቱን ልጅ 2ኛ ላይ አስቀምጦ እኔ እንዳጨበጭብ አይጠበቅብኝ።

ሸገር
ክፍት ዝርዝር ይመቸኛል።

ሐዋሳ
ለእናንተ ይመቻችኋል። የተቃዋሚ ሊቀ መናብርቱንስ ጠይቃችኋል? እኔ የማውቀው አንድ ፓርቲ የራሱን ጠቅላላ ጉባኤ ሳይጠራ ስንት ጊዜ ቆየ መሰላችሁ።