አባቴ በመጠጥ የመጣ ሲሮሲስ አለባቸው፤ ቤት ውስጥ ምን ልጠብቅ?

ታላቅ ልጅ
ሰላም። አባቴ 58 ዓመታቸው ነው። አረቄው ጉበታቸውን ጎድቶት ሲሮሲስ (ጉበቱ ጠባሳ ሆኖ መድረቁ) ነው ተብለናል። ሆዳቸው ውሃ ቋጥሮ ሁለት ጊዜ ተቀድቶላቸዋል። የውሃ ክኒኖቹን ስፓይሮኖላክቶን 100 እና ላሲክስ 40 ሚሊ ግራም፣ የደም ሥር ግፊት የሚቀንሰውን ፕሮፕራኖሎልና ላክቱሎስ ሽሮፕ ይወስዳሉ። ሰሞኑን ቀን ይተኛሉ፣ ሌሊት ይነቃሉ፣ ነገር ይደባለቅባቸዋል። ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሏል፦ አንዱ ሥጋና እንቁላል ይቅርባቸው ይላል፣ ሌላው ጸበል እንውሰዳቸው ይላል። በየቀኑ ምን ላድርግ? ሌሊትም ቢሆን ይዤ የምሮጠው መቼ ነው?

ሲስተር ከውስጥ ደዌ ክፍል
እህቴ፣ ቀንና ሌሊቱ መገላበጡ ራሱ ምልክት ነው። ጉበት ማጣራት ያቃተው አሞኒያ የሚባል መርዝ ከአንጀት ተነሥቶ አንጎል ላይ እየደረሰ ነው። ላክቱሎሱ የታዘዘው ለዚህ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ግን የድርቀት መድኃኒት ይመስለውና «ሆዳቸው ለሰለሰ» ብሎ ያቆመዋል፣ መቃዠቱም ይመለሳል። ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ይሰጣል፤ ልኩን የሚነግርሽ ግን ሰገራው ነው። በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ለስላሳ ሆኖ መውጣት አለበት። አንዴ ብቻ ከሆነ ሐኪሙ ይጨምር፣ እንደ ውሃ ቀጥኖ አምስት ስድስት ጊዜ ከሆነ ይቀንስ። ሰውነት ውሃ ሲያጣ ኩላሊት ይጎዳል፣ መቃዠቱም ይብሳል።

ጠዋት ጠዋት ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ ሰው «ቁም» እንደሚል መዳፋቸውን ቀና እንዲያደርጉ ጠይቂያቸው፤ መዳፉ እንደ ክንፍ ከተርገበገበ ችግሩ አለ። ዕለቱን ጠይቂ፣ ከ20 ወደ ኋላ ይቁጠሩልሽ። ሌሊት ይተኙ ብላችሁ ዲያዜፓም እንዳትሰጡ፤ ሳይነቁ ሊቀሩ ይችላሉ።

ሚዛን ግዢ። ጠዋት ሽንት ከሸኑ በኋላ፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ በአንድ ዓይነት ልብስ ይመዘኑ። እግራቸው ካበጠ በቀን እስከ 1 ኪሎ፣ ካላበጠ እስከ ግማሽ ኪሎ ቢቀንሱ ደህና ነው። ከዚያ ከፈጠነ ኩላሊቱ አደጋ ላይ ነው። በ3 ቀን 2 ኪሎ ከጨመሩ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ። ካስመለሳቸው ወይም ካስቀመጣቸው የውሃ ክኒኑን ከመስጠትሽ በፊት ሐኪሙን ጠይቂ። ኪሎውን፣ የሰገራውን ብዛትና አእምሯቸውን በአንድ ደብተር ጻፊ፤ ሐኪሙ ከሁሉ በፊት የሚፈልገው እሱን ነው።

ሳትውይ ሳታድሪ የምትሮጪው ደም ካስመለሳቸው፣ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሽንታቸው በጣም ካነሰ፣ ሲቀሰቀሱ ካልነቁ ነው። ሆዱ ውሃ የቋጠረ ሰው ሲያተኩሰው ወይም ሆዱን ሲያመው ውሃው ራሱ በጀርም ተመርዞ ይሆናል። በዚያው ቀን በመርፌ ተቀድቶ መመርመር አለበት፤ «ታይፎይድ ነው» ተብሎ ክኒን ይዞ መመለስ አይበቃም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

የምግብ ባለሙያ
ሥጋና እንቁላል ይቅር የሚለው የድሮ ምክር ነው፤ ዛሬ ጎጂ መሆኑ ታውቋል። ጡንቻም አሞኒያን ያጣራል፣ ጡንቻ ሲሟሽሽ መቃዠት ይጨምራል። በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል፤ ያለ ውሃው 60 ኪሎ ከሆኑ በቀን ከ72 እስከ 90 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። ምስር፣ ሽምብራ፣ ወተት ሁሉም ይሆናል።

ትልቁ ጠላት ረሃብ ነው። የታመመ ጉበት ስኳር ማከማቸት ስለማይችል ሌሊቱን ሙሉ ሳይበሉ ማደር ጤነኛ ሰው ቀናት እንደጾመ ያህል ጡንቻን ይበላል። ስለዚህ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይብሉ፤ ከመኝታ በፊትም በሶ ወይም የአጃ ገንፎ በወተት። እስከ 9 ሰዓት መጾም አይችሉም፤ የንስሐ አባታቸው ራሳቸው ቢነግሯቸው ቅር ሳይላቸው ይቀበላሉ።

ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ አይለፍ። ወጥ ላይ ስላልጨመርሽ ብቻ አልቀነስሽም፦ ሚጥሚጣው፣ በርበሬው፣ ሽሮው ከወፍጮ ቤት ጨው ተደባልቆበት ይመጣል። ለእሳቸው ለብቻ አስፈጪ። የውሃ መጠን ግን ሐኪም ካላዘዘ አትቀንሺ።

ፋርማሲስት፣ ሜሪላንድ
ለሕመም ዳይክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም፣ በመርፌም ቢሆን፣ አይሰጥ፤ ኩላሊትን ይዘጋል፣ ያደማል። ፓራሲታሞል በቀን እስከ 2 ግራም፣ ማለትም ባለ 500ው 4 ፍሬ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ ይሻላል። ፕሮፕራኖሎል በድንገት አይቋረጥ፤ የላይኛው ግፊት ከ90 በታች ከወረደ ግን ደውሉ።

ከውጭ ለምትልኩ ወገኖች፦ የሚዛንና የግፊት መለኪያ ላኩ። «ጉበት ማጽጃ» የሚባሉትን፣ በተለይ የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ ክኒን፣ አትላኩ፤ ጉበትን ይጎዳል። በጨው ፈንታ የሚሸጠው ደግሞ ፖታሲየም ነው። ከስፓይሮኖላክቶን ጋር ልብን ሊያቆም ይችላል።

ታላቅ ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልን። ጸበሉስ? ደግሞ ተደብቀው አሁንም ይጠጣሉ ብዬ እጠረጥራለሁ።

ሲስተር ከውስጥ ደዌ ክፍል
ጸበሉን ይጠመቁ፣ ይቅመሱም፤ መድኃኒቱ ግን አንድ ቀን እንኳ አይቋረጥ። ብዙ ጠጥቶ ማስመለስ ለእሳቸው አይሆንም፤ ጉሮሯቸው ሥር ያበጠ የደም ሥር ሊፈነዳ ይችላል።

መጠጡን በተመለከተ፣ ጠላም ጠጅም ያው አልኮል ነው፤ ለዚህ ጉበት የሚፈቀድ መጠን የለም። ሆኖም በየቀኑ የሚጠጡ ከሆነ በር ዘግታችሁ በአንድ ጊዜ እንዳታስቆሟቸው። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት መንቀጥቀጥ፣ ላብና የሚጥል በሽታ የመሰለ መንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል፤ እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ መቃዠት ሊከተል ይችላል፣ ከጉበቱ መቃዠት ጋር ይምታታል። ይህ በሆስፒታል፣ ቫይታሚን ቢ1 እየተሰጠ የሚሠራ ነው። ጠርሙሱን ካገኘሽ አትቆጪያቸው፤ የመጨረሻው የጠጡት መቼና ስንት እንደሆነ ብቻ ጠይቂና ደብተሩ ላይ ጻፊው።

አእምሯቸው ጥርት ባለበት ጠዋት ደግሞ ቁጭ ብለሽ ጠይቂያቸው፦ ሕመሙ ቢብስ የት መሆን ይፈልጋሉ፣ ስለ እሳቸው ማን ይወስን? ሐኪሙ የሚጠይቅሽ ሲቃዡ ነው፤ ያኔ እሳቸውን መጠየቅ አይቻልም።