«መርዝ የሌለው ጥጥ» ስለተባለው

ከዚራ፦ ሳቢያን ትናንት እዚህ «ዝርያ አሻሻዮች ጎሲፖልን ከጥጥ አውጥተው ቢጥሉት ኖሮ መርዝ የሌለው ጥጥ ይኖረን ነበር» ብለው የጻፉት ሲያንገበግበኝ አደረ። ጎሲፖል የጥጥ ተክል ራሱን ከነፍሳት የሚከላከልበት መርዛማ ንጥረ ነገር ነው። በቅጠሉና በፍሬው ላይ የሚታዩት ጥቋቁር ነጠብጣቦች ተክሉ ጎሲፖልን የሚያከማችባቸው ዕጢዎች ናቸው፤ እነሱን ማጥፋት ተክሉን ትጥቅ ማስፈታት ነው። ደግሞም የተሞከረ ነገር ነው፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ዕጢ አልባ ጥጥ ተገኝቶ ብዙ ተስፋ ቢጣልበትም፣ ማሳ ላይ ሲወጣ ቀድሞ ጥጥን የማይደፍሩ ነፍሳት ሳይቀሩ በሉት።

ሳቢያን፦ እኔ ዶሮ አርቢ ነኝ። የጥጥ ፋጉሎ ባበዛሁበት ወቅት የእንቁላሉ አስኳል ተቀምጦ ሲቆይ ወደ አረንጓዴ እየተለወጠ ደንበኞቼ መልሰውልኛል። ለተክሉ «ትጥቅ» ይባል፤ ለእኔ ግን መርዝ ነው።

መገላ፦ ለሁሉም እኩል መርዝ አይደለም። የሐረር ሰንጋ የሚያደልቡ ሰዎች የጥጥ ፋጉሎን በልክ የሚሰጡት፣ የሚያመሰኩ ከብቶች ጨጓራ ጎሲፖልን በተወሰነ መጠን ስለሚያከሽፈው ነው። ጨጓራው ገና ያልጠና ጥጃ ግን አይችለውም፤ ዶሮም እንዲሁ።

ጁገል፦ ሁለታችሁም ስለ አንድ ቃል ስትከራከሩ ዋናውን ዘለላችሁት። በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የኪርቲ ራቶር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ባደረገው ሥራ የጎሲፖል ምርት በፍሬው ውስጥ ብቻ እጅግ እንዲቀንስ፣ በቅጠሉና በአበባው ግን እንዳለ እንዲቆይ ተደርጓል፤ በ2018 ደግሞ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት እንዲዘራ ፈቀደ። ሳቢያን «ከፍሬው» ቢሉ ኖሮ እኔም ከጎንዎ እቆም ነበር።

ከዚራ፦ ታዲያ ያ በዘረመል ምሕንድስና የተሠራ ነው፤ ሳቢያን ግን አገራችን በዚያው 2018 ትልን እንዲቋቋም ከአፈር ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረመል የተጨመረበትን ቢቲ ጥጥ ስትፈቅድ ከተቃወሙት አንዱ ነበሩ።

ሳቢያን፦ አሁንም እቃወማለሁ። ቢቲ ጓይ ትልን ቢገታም ክሽክሽንና ነጭ ዝንብን አይነካም፤ ከአፈር ባክቴሪያ የተወሰደ ባዕድ ነገር መጨመርና የራሱን የተክሉን ነገር መቀነስ ለእኔ አንድ አይደሉም።

ከዚራ፦ መቀነስ ብቻ አይደለም፣ ጎሲፖልን ሁሉ «አውጥተው ቢጥሉት» ነው ያሉት! የጻፉትን መልሰው ያንብቡት።

ሳቢያን፦ አንብቤዋለሁ፤ ቃሌን አልለውጥም። ለዶሮዎቼ የኑግ ፋጉሎ በውድ እየገዛሁ ያለሁት እኔ ነኝ።