ክርክር፦ የንግድ መርከብ ከባህር ያዳናቸውን ስደተኞች ሊቢያ ይመልስ?

አወያይ፦ «አሶ 28» የተባለች የጣሊያን መርከብ በ2018 ከባህር ያነሳቻቸውን 101 ሰዎች ወስዳ ትሪፖሊ አስረከበች። ካፒቴኑ ኔፕልስ ላይ የአንድ ዓመት እስር ተፈረደበት። በ2024 የጣሊያን ሰበር ሰሚ ፍርድ ቤትም አጸናው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) ፍርዱ ልክ ነው ትላላችሁ?

ዮኒ፦ በፍጹም። መርከቧ ባህር ላይ ያለ የጋዝ ማውጫ የምታገለግል ናት። ሰው አዳነች። የት ይውረዱ የሚለው የመንግሥታት ጣጣ ነው። ካፒቴን ካሰራችሁ፣ ነገ ሌላው ጀልባ ሲያይ መሪውን ያዞራል። ያኔ የሚያልቀው የኛው ልጅ ነው።

ሳባ ከሮም፦ ዮኒዬ፣ ሊቢያ መመለስ ማለት እኮ ወደ ደላላው መጋዘን መመለስ ነው። እየተገረፉ ቤተሰብ በስልክ ጩኸታቸውን እንዲሰማ የተደረጉ ልጆች እዚህ አሉ። በ2018 ኅዳር ላይ «ኒቪን» የምትባል መኪና ጫኝ መርከብ ያዳነቻቸውን ሰዎች ሚስራታ የሚባለው የሊቢያ ወደብ ወሰደቻቸው። ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ነበሩባቸው። ከ70 በላይ የሚሆኑት ሞተን እንገኛለን እንጂ አንወርድም አሉ። ከአሥር ቀን በኋላ በአስለቃሽ ጭስና በጎማ ጥይት አወረዷቸው። ይሄ ማዳን ይባላል?

መርከበኛው፦ እኔ ባሕር ዳር ማሪታይም አካዳሚ ተምሬ አሁን ነዳጅ ጫኝ መርከብ ላይ፣ ማሽን ክፍል ነው የምሠራው። ዮኒ፣ ወንድሜ፣ ማዳኑም ቢሆን ቀላል እንዳይመስልህ። ባዶ መርከብ ከውሃው በላይ እንደ ፎቅ ነው የሚቆመው። የገመድ መሰላል ታወርዳለህ። ሰዎቹ ተጨናንቀው እግራቸው ደንዝዟል፣ መሰላሉን ሲያዩ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይነሳሉ። በ2015 «ኪንግ ጄኮብ» የተባለው የንግድ መርከብ ሊያድን ደርሶ ጀልባዋ መጥታ ተጋጨችውና ተገለበጠች። ከ800 በላይ ሰው አለቀ። የተረፉት 28 ናቸው።

ከዚያ ደግሞ ወደብ የለም። በ2020 «ሜርስክ ኤቲየን» የተባለውን የንግድ መርከብ ማልታ ራሷ አድን ብላው 27 ሰው አነሳ። ማልታ ግን አላስወርድም አለች። ከአምስት ሳምንት በላይ ባህር ላይ ቆዩ። ሦስቱ ተስፋ ቆርጠው ውሃ ውስጥ ዘለሉ፣ መርከበኞቹ መልሰው አወጧቸው። 21 ሰው ለሚሠራበት መርከብ የተሰፈረ ቀለብ ለስንት ይበቃል?

ከ2006 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የባህር ሕግ ማሻሻያ የዳኑትን ቶሎ አስወርዶ ካፒቴኑን መገላገል በዋናነት ማዳኑ የተደረገበት የነፍስ አድን ክልል ኃላፊ የሆነው አገር ኃላፊነት ነው ይላል። ማልታ አልተቀበለችውም። መጠየቅ ያለባቸው እነዚህ አገሮች ናቸው። ግን ዮኒ፣ ሊቢያ መመለሱን እኔም አልደግፍም። እዚያ ላይ ፍርዱ ልክ ነው።

ዮኒ፦ እሺ፣ አልመልስም ቢል ኩባንያው ቢያባርረውስ? ልጆቹን ማን ያበላለታል?

መርከበኛው፦ ለሰው ሕይወት ደህንነት ብሎ የወሰነውን ባለመርከቡም ሆነ ተከራዩ ሊከለክለው አይችልም፤ ሕጉ ላይ ተጽፏል። «ታምፓ» የተባለውን የኖርዌይ ጭነት መርከብ ተመልከት። በ2001 ከ430 በላይ ሰው፣ አብዛኛው አፍጋን፣ አንስቶ አውስትራሊያ ወደቧን ዘጋችበት። የታጠቁ ኮማንዶዎች መርከቡ ላይ ሳይቀር ወጡበት። ካፒቴን አርነ ሪናን ግን ሰዎቹን ይዞ ከአውስትራሊያ ውሃ አልወጣም አለ። ቀጣሪው ኩባንያ ቪልሄልምሰንም አላባረረውም። በ2002 የተባበሩት መንግሥታት ለስደተኞች ውለታ ለዋሉ የሚሰጠውን የናንሰን ሽልማት ሲሰጥ ለካፒቴኑ፣ ለመርከበኞቹም ለኩባንያውም ነው የተሰጠው።