ክርክር፦ «ወይ መርፌ ወይ ማስክ» ጥበቃ ነው ወይስ ቅጣት?

መነሻ፦ ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው ደንብ፣ የግዛቷ ጤና ኮሚሽነር «ኢንፍሉዌንዛ ተስፋፍቷል» ብሎ ካወጀ በኋላ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ያልወሰደ የጤና ሠራተኛ ታካሚ ባለበት ቦታ ማስክ ያደርጋል። በካናዳዋ ኦንታሪዮ ግን ነርሶች ተመሳሳይ የሆስፒታል ደንቦችን ተከራክረው በ2015 እና በ2018 በግልግል ዳኝነት ረትተዋል። ሆስፒታልና ነርሲንግ ሆም (የአዛውንቶች መጦሪያ) የምትሠሩ፣ እናንተስ?

ናቲ (ቶሮንቶ)፦ ነርሶቹ ልክ ናቸው። ክትባቱ ከቫይረሱ ጋር በገጠመበት ዓመት እንኳ ሐኪም ቤት የሚያደርስ ሕመምን የሚቀንሰው ከ40 እስከ 60 በመቶ ነው። በ2014-15 አሜሪካ ውስጥ ኤች3ኤን2 የሚባለው የኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ተቀያይሮ 19 በመቶ ላይ ወረደ። ስለዚህ የተከተበውም ይይዘዋል፣ ያስተላልፋል። ማስክ የሚሠራ ከሆነ ሁላችንም እናድርግ። ያልተከተበውን ብቻ ማልበስ እጅ መጠምዘዝ ነው። ዳኞቹም ምንም ምልክት የሌለው ሠራተኛ ማስክ በማድረጉ ታካሚ ይጠበቃል ለሚለው የቀረበው ማስረጃ አላሳመናቸውም።

ሲስተር ዘነበች፦ ናቲ፣ «ምልክት የሌለው» የምትለው ላይ ነው ነገሩ። ኢንፍሉዌንዛ ምልክቱ ከመታየቱ ከአንድ ቀን በፊት መተላለፍ ይጀምራል፤ ከዚያም ከ5 እስከ 7 ቀን ይቀጥላል። ሠራተኛዋ ጠዋት ደህና ሆና ስምንት አዛውንት አጥባ፣ አብልታ፣ ከአልጋ ወደ ዊልቸር አዛውራ ትወጣና ማታ ትኩሳቱ ይጀምራታል። አዛውንቶቹ ደግሞ ቢከተቡም ሰውነታቸው እንደ ወጣት አይመልስም። ከ65 ዓመት ጀምሮ ላሉት አራት እጥፍ መጠን ያለው መርፌ የተሠራው ለዚህ ነው።

ራሔል (ሆም ኬር፣ ቤት ለቤት እንክብካቤ)፦ «መርፌው ራሱ ጉንፋን አስያዘኝ» የሚሉትስ? የእኛ ሰው የማይወስደው ባብዛኛው በዚህ ነው።

መክብብ (ፋርማሲስት)፦ ጥፋቱ ግማሹ የቋንቋችን ነው፤ ንፍጥም ኢንፍሉዌንዛም ለእኛ ጉንፋን ነው። ክትባቱ የሚከላከለው ኢንፍሉዌንዛን ብቻ ነው። መርፌው ውስጥ በሕይወት ያለ ቫይረስ የለም፣ ስለዚህ ሊያስይዝ አይችልም። የክንድ ሕመምና ቀላል ትኩሳት ይኖራል፣ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። መከላከያው ለመገንባት ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅ፣ በዚያ መሃል የተያዘ ሰው መርፌውን ይከሳል።

አንድ ቅሬታ ግን እውነት አለው፤ ትከሻ። 0.5 ሚሊ ሊትሩ የሚሰጠው ከትከሻ አጥንት ጫፍ ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ፣ ጡንቻው የሚወፍርበት ላይ ነው። ኮሪደር ላይ ሰውየው ቆሞ ኮሌታውን ወደ ጎን ስቦ ሲወጋ፣ የሚታየው የትከሻው አናት ብቻ ስለሆነ መርፌው ከፍ ብሎ መገጣጠሚያው አጠገብ ያርፋል። ሕመሙ ወራት ሊቆይ ይችላል። እንዲያ የሆነበትን ሰው በሚቀጥለው ዓመት ለምኑት እስቲ! ትከሻው ሙሉ ተገልጦ፣ ተወጊም ወጊም ተቀምጠው ቢሆን ይህ ባልመጣ።

ናቲ (ቶሮንቶ)፦ ይሁን፣ ክትባቱን አልጠላሁም። ማስኩን ግን እንየው። ባለቀለሙ ወደ ውጭ፣ ሽቦው አፍንጫ ላይ ተጨምቆ ቢጀመርም፣ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ በትንፋሽ ይርሳል፣ ከአፍንጫ በታች ይወርዳል። ሠራተኛው በጣቱ ይጎትተዋል፣ ያው ጣት የአልጋውን መደገፊያ ይይዛል። በየሺፍቱ አንድ ብቻ የሚታደልበት ቤት፣ የራሰውን በምን ይቀይረው? በእረፍት ክፍል ደግሞ ሁሉም አገጩ ላይ አውርዶ ይበላል፤ ሐበሻ በበዛበት ሺፍትማ ከአንድ ሳህን ነው።

ራሔል (ሆም ኬር)፦ ሁለታችሁም የታመመ ሰው ለምን ሥራ እንደሚገባ አላነሣችሁም። መመሪያው ትኩሳት ያለ መድኃኒት ከጠፋ ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይሞላ አትመለሱ ይላል። በሰዓት የሚከፈላትና የሕመም ፈቃድ የሌላት ሴት ትኩሳት የሚያበርድ ታይለኖል ውጣ ትመጣለች፤ በር ላይ ያለው ቴርሞሜትር አይዛትም። እሷን ክትባት ወስደሻል ወይ ብሎ መጠየቅ ምን ይረባል?

ሲስተር ዘነበች፦ ፈቃዱ ይሰጥ፣ ማን ከለከለ? መርፌውን ግን አይተካም፤ ምልክት ሳይኖር ለሚተላለፈው አንድ ቀን ፈቃድ የሚወስድ የለምና።

መክብብ (ፋርማሲስት)፦ ያልተከተቡት ሁሉ እምቢ ያሉ አይደሉም። ክትባቱ የሚሰጠው በቀን ከሆነ፣ የሌሊት ሺፍት ጨርሳ የወጣች ሠራተኛ ቢሮው እስኪከፈት ቁጭ ብላ አትጠብቅም፤ ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ አለባት። በመስከረምና በጥቅምት መርፌው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚይዝ ሣጥን ተጭኖ በሌሊት በየፎቁ ይዙር። ከዚያ በኋላ ስንት ሰው ማስክ እንደሚያስፈልገው ይቆጠር።