አሰልጣኝ ውድድሩ ሳያልቅ ይባረር? ለዋንጫውስ ማን ይምረጥ?

የኮሎምበሱ (የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደጋፊ)፦ ወገኖች፣ ቅዳሜ ቡና ላይ የጀመርነውን ክርክር እዚህ እንቀጥለው። ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው። የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል (እግር ኳስ ሳይሆን፣ ኳሱ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት ጨዋታ) አሰልጣኝ ውድድሩ ሳያልቅ መባረር አለበት ወይ? ለፕሌይኦፍ፣ ማለትም ለዋንጫው ጥሎ ማለፍ፣ የሚገቡትን 12 ቡድኖችስ 13 የኮሚቴ ሰዎች ተቀምጠው ደረጃ ማውጣታቸው ልክ ነው ወይ?

እኔ ሁለቱንም እቃወማለሁ። ከራሴ ልጀምር። ኖቬምበር 30, 2024 ሚሺጋን በገዛ ሜዳችን 13 ለ 10 አሸነፈን። ለአራተኛ ተከታታይ ዓመት መሆኑ ነው። ያን ማታ "አሰልጣኛችን ራያን ዴይ ይሂድልን" ካሉት አንዱ እኔ ነበርኩ። ከልቤ ነው ያልኩት። ከዚያስ? ቴኔሲን 42 ለ 17፣ ኦሪገንን 41 ለ 21፣ ቴክሳስን 28 ለ 14 አሸነፍን። በመጨረሻም ጃንዋሪ 20, 2025 አትላንታ ላይ ኖተር ዴምን 34 ለ 23 ረትተን ዋንጫውን በላን። የእኔን ጩኸት የሰማ ኃላፊ ቢኖር ኖሮ ያ ዋንጫ አይኖርም ነበር።

በ2025 ግን የሆነውን አያችሁ። ዩ.ሲ.ኤል.ኤ እና ቨርጂኒያ ቴክ ሦስት ጨዋታ ብቻ ተጫውተው፣ በአንድ ቀን፣ አሰልጣኞቻቸውን አሰናበቱ። ኦክላሆማ ስቴት ከ20 ዓመት በላይ የመራውን ማይክ ጋንዲን በሴፕቴምበር ሸኘው። ከዚያ አርካንሳስ፣ ፔን ስቴት፣ ፍሎሪዳ፣ ኤል.ኤስ.ዩ፣ ኦበርን። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባል የለ? በተናደድንበት ማታ ፍርድ አንስጥ ነው የምለው።

የሂውስተኑ (የኤል.ኤስ.ዩ፣ የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደጋፊ)፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አልስማማም። የእርስዎ ቡድን ተሸንፎም ፕሌይኦፍ ገብቶ ነበር። የሚድን ነገር ነበረው። እኛ ምን ነበረን? ብራያን ኬሊ አራተኛ ዓመቱ ነበር። አንድም ጊዜ ፕሌይኦፍ አላስገባንም። ከእሱ በፊት የነበሩት ሦስት አሰልጣኞች ሦስቱም ዋንጫ አምጥተዋል፤ ሴባን በ2003፣ ማይልስ በ2007፣ ኦርጄሮን በ2019። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በሜዳችን 49 ለ 25 ሲያሸንፈን ስታዲየም ነበርኩ። ሰው ጨዋታው ሳያልቅ ወደ መኪናው ሲሄድ አየሁ። በማግስቱ ተባረረ። ልክ ነው።

ፔን ስቴትንም ያስቡ። ወቅቱን ከአገሪቱ ሁለተኛ ተብሎ ጀመረ። አራቱንም ጨዋታ ተሸንፎ በመጣው ዩ.ሲ.ኤል.ኤ ተሸነፈ። በሳምንቱ ኖርዝዌስተርን በገዛ ሜዳው 22 ለ 21 ደገመው። ሌላ ምን እስኪሆን ይጠበቅ?

የኮሎምበሱ፦ ልጄ፣ ያንተን ንዴት አውቀዋለሁ። ግን ሂሳቡንም እንይ። ለኬሊ የውል ማፍረሻ ወደ 54 ሚሊዮን ዶላር ነው። ለፔን ስቴቱ ጀምስ ፍራንክሊን ወደ 49 ሚሊዮን ነበር። በ2023 ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ጂምቦ ፊሸርን ሲያሰናብት ከ75 ሚሊዮን በላይ ሊከፍል ተስማማ። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ደግሞ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለሁሉም ስፖርተኞቹ በዓመት በቀጥታ መክፈል የሚችለው ጣሪያ አለ፤ ለመጀመሪያው ዓመት 20.5 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ለሁሉም! አንድ ሰው ሥራ እንዲያቆም የሚከፈለው፣ ሥራውን ለሚሠሩት ልጆች ሁሉ ከሚከፈለው ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ይሄ ያመኛል።

የሂውስተኑ፦ ያንን ውል የፈረመው አሰልጣኙ ብቻ አይደለም። ጥፋቱ ከውሉ ነው፣ ከማባረሩ አይደለም። ደግሞም ፍራንክሊን ወዲያው ቨርጂኒያ ቴክ ስለገባ የፔን ስቴት ዕዳ ወደ 9 ሚሊዮን ወርዷል።

ከአዲስ አበባ (አርሰናል)፦ እኔ ከውጭ ሆኜ ነው የምከታተለው፣ ስለዚህ ባጠፋ አርሙኝ። አሰልጣኝ መባረሩ አይገርመኝም፤ ፕሪምየር ሊግም እንደዚያው ነው። ያልገባኝ ኮሚቴው ነው። እኛ ጋ 20 ቡድን ነው፣ 38 ጨዋታ ነው፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር ይገናኛል። ነጥብ ይቆጠራል፣ አለቀ። ሰው ቁጭ ብሎ "እናንተ ግቡ፣ እናንተ ቅሩ" የሚለው ለምንድን ነው?

የአትላንታው (ጆርጂያ)፦ ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። እዚህ በአንደኛው ደረጃ የሚወዳደሩት ቡድኖች በ2025 136 ነበሩ። እያንዳንዱ ከዋንጫ ጨዋታዎቹ በፊት 12 ጊዜ ብቻ ይጫወታል። ጨዋታው ሰውነት የሚሰብር ስለሆነ በሳምንት ከአንድ በላይ አይቻልም። ስለዚህ አብዛኞቹ ቡድኖች እርስ በርስ ሳይገናኙ ወቅቱ ያልቃል። አንዱ 11 ለ 1 ሆኖ፣ ማለትም 11 ጊዜ አሸንፎ 1 ጊዜ ተሸንፎ፣ ደካሞችን ብቻ ያሸነፈ ሊሆን ይችላል። ሌላው 9 ለ 3 ሆኖ ከባዶቹን ሁሉ የተጋፈጠ። ነጥብ ብቻ ብትቆጥር ሁሉም ቀላል ተጋጣሚ ይፈልጋል።

ለዚህ ነው ኮሚቴውን የምደግፈው። የአምስት ኮንፈረንስ (ቡድኖቹ የተከፋፈሉባቸው ማኅበራት) ሻምፒዮኖች፣ ደረጃቸው ከ12ኛ በታች ቢሆንም፣ በመብታቸው ይገባሉ፤ ስለዚህ 11ኛ ወይም 12ኛ የወጣ ሊቀር ይችላል። ሰባቱን ኮሚቴው ይመርጣል። ከዚህ በፊት ኮምፒውተር የተቀላቀለበት አሠራር ነበረ፤ እሱም አላስደሰተም። በ2004 ኦበርን ሁሉንም አሸንፎ ለዋንጫው ጨዋታ አልተመረጠም። በ2011 ደግሞ አላባማ በኤል.ኤስ.ዩ 9 ለ 6 ተሸንፎ ሳለ ከዚያው ከኤል.ኤስ.ዩ ጋር ለዋንጫ እንዲገናኝ ተደረገ።

የሂውስተኑ፦ 21 ለ 0። አታስታውሰኝ።

የፍሎሪዳ ስቴቱ፦ የአትላንታው፣ ያቀረብከው ጥሩ ነው፣ ግን የእኛን ቁስል ዘለልከው። 2023። 13 ጨዋታ፣ 13 ድል፣ የኮንፈረንሳችን የኤ.ሲ.ሲ ዋንጫ። ኳርተርባካችን (ኳሱን የሚወረውረው መሪ ተጫዋች) ጆርዳን ትራቪስ ኖቬምበር ላይ እግሩን ተጎዳ። ያለ እሱ ፍሎሪዳን 24 ለ 15፣ ሉዊቪልን 16 ለ 6 አሸነፍን። ያኔ ቦታው አራት ብቻ ነበር። ኮሚቴው አንድ ጊዜ የተሸነፈውን አላባማን አራተኛ፣ እኛን አምስተኛ አደረገን። ከምክንያታቸው አንዱ የትራቪስ አለመኖር ነበር። ሜዳ ላይ ማንም ያላሸነፈን ቡድን፣ ወደፊት ትሸነፋላችሁ ተብለን ቀረን። ትራቪስ ራሱ ምነው እግሬ ቀደም ብሎ በተሰበረ ብሎ ጻፈ። ቡድኑ ያለ እሱም እንደሚችል እንዲታይ ብሎ ነው። ያንን ያነበብኩ ቀን አልቅሻለሁ። የ23 ዓመት ልጅ ስለ ጓደኞቹ ብሎ የገዛ አጥንቱን እስኪመኝ ያደረሰ ምርጫ ልክ ሊሆን አይችልም።

የአትላንታው፦ ወንድሜ፣ ሐዘንህ ይገባኛል። ግን ከሳምንታት በኋላ በኦሬንጅ ቦውል፣ ከፕሌይኦፉ ውጭ በነበረው የዓመት መጨረሻ ጨዋታ፣ 63 ለ 3 አሸነፍናችሁ።

የፍሎሪዳ ስቴቱ፦ ብዙዎቹ ዋና ተጫዋቾቻችን ያን ቀን አልተሰለፉም። ዋንጫው ከእጃቸው ከተነጠቀ በኋላ ለምን ይሰለፋሉ? ሕልሙን ገድለህ ሬሳውን አሸነፍኩት አትበለኝ።

የሺካጎዋ (ኖተር ዴም)፦ እኔ ግን ከውጤቱ ይልቅ አሠራሩ ነው የሚያቃጥለኝ። በ2025 በመጀመሪያው ሳምንት በማያሚ 27 ለ 24 ተሸነፍን። ቀጥሎ በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም 41 ለ 40። ከዚያ አሥሩን ጨዋታ በተከታታይ አሸነፍን። ኮሚቴው በየሳምንቱ በሚያወጣው ደረጃ ከማያሚ በላይ አድርጎን ቆየ። በዲሴምበር መጀመሪያ እኛ 10ኛ፣ ማያሚ 12ኛ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ሁለታችንም አልተጫወትንም። ደረጃው ሲወጣ ማያሚ 10ኛ፣ እኛ 11ኛ ሆንን፣ ከውድድሩ ቀረን።

ማያሚ አሸንፎን ነበር፣ አልክድም። ያ ከሆነ ሚዛኑ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ይመዘን። ለሳምንታት "ቅደሙ" ብለው፣ ኳስ ሳንነካ በአንድ ሌሊት "ቅሩ" ማለት ምን ይባላል? ቡድናችን ሌላ የቦውል ጨዋታ አልጫወትም ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ብዙዎች ኩርፊያ ነው አሉ። እኔ ግን አከበርኩት።

የኮሎምበሱ፦ እህቴ፣ እዚህ ላይ ተቃራኒሽ ነኝ። ኮሚቴው ዘግይቶም ቢሆን ሜዳው የተናገረውን ሰማ። ማያሚም ገብቶ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን፣ እኛን፣ ኦሌ ሚስን (የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲን) አሸነፈ። ለዋንጫው ደርሶ በኢንዲያና 27 ለ 21 ብቻ ተረታ።

የሺካጎዋ፦ ማያሚ ጎበዝ መሆኑ ኮሚቴው ትክክል መሥራቱን አያሳይም። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። እያንዳንዱ አባል ድምፁን ለማን እንደሰጠና ለምን እንደሆነ በስሙ ይፋ ያውጣ። አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ኃላፊዎችና የቀድሞ አሰልጣኞች ናቸው። አባል የራሱ ቡድን ሲነሳ ከክፍሉ ይወጣል ይባላል፤ ጥሩ። የተቀናቃኙ ቡድን ሲነሳስ?

የአትላንታው፦ በዚህ እስማማለሁ። ድምፁ ይፋ ይሁን።

የሰሜን ቨርጂኒያዋ (የተጫዋች እናት)፦ ሁላችሁንም እያነበብኩ ነበር። ስለ ደረጃው ብዙ አላውቅም። ስለ አሰልጣኝ መባረር ግን ልናገር፣ ቤቴ ስለገባ።

ልጄ ሃይስኩል እያለ አንድ አሰልጣኝ ቤታችን መጣ። ዶሮ ሠርቼ፣ ቡና አፍልቼ ተቀበልኩት። በእጁ በላ፣ ሦስተኛውን ስኒ ጠጣ። ልጅሽን እንደ ልጄ አየዋለሁ አለኝ። አመንኩት፤ ዛሬም ከልቡ የተናገረ ይመስለኛል። ልጄ ሌሎች ጥሪዎችን ሁሉ ተወ። ወቅቱ ሳያልቅ ሰውየው ተባረረ። የተተካው አሰልጣኝ አንድ ጊዜ እንኳ አልደወለም። የሃይስኩል ልጆች ለዩኒቨርሲቲ የሚፈርሙት በዲሴምበር የመጀመሪያ ሳምንት ነው። ጥቂት ቀን ሲቀረን የተውናቸው ትምህርት ቤቶች ቦታቸውን ሞልተው ነበር። ልጄ ለሁለት ሳምንት እራት ላይ አልተቀመጠም።

አባርሩ አታባርሩ አልልም። የምትቆጥሩት ሚሊዮን ውስጥ ግን የልጆቹ ሂሳብ የለበትም።

የሂውስተኑ፦ እህታችን፣ ይህን በማንበቤ ደነገጥኩ። ግን እዩት፣ አሰልጣኝ በመሃል የሚባረረው በዚያው የፊርማ ቀን ምክንያት ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ፊርማው ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ነው። ተጫዋቾች ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚዛወሩበት በር በጃንዋሪ መጀመሪያ ይከፈታል። ኖቬምበር እስኪያልቅ የጠበቀ ኃላፊ አዲስ አሰልጣኝ ሳይኖረው ፊርማው ይደርስበታል። ስለዚህ በኦክቶበር ያባርራል። እኛም በኦክቶበር ባናባርር የኦሌ ሚሱን አሰልጣኝ ሌን ኪፊንን ኖቬምበር 30 ላይ አናገኝም ነበር።

የኮሎምበሱ፦ ይኸው! ኪፊን ኦሌ ሚስን 11 ለ 1 አድርሶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሌይኦፍ ሊያስገባ ሲል፣ ትቷቸው ወደ እናንተ መጣ። ከዚያው ኮንፈረንስ ወደሆነ ተቀናቃኝ! የቀሩት ልጆች ከምክትሉ ፒት ጎልዲንግ ጋር ሆነው ቱሌንን 41 ለ 10 አሸነፉ። ጆርጂያንም አሸነፉ።

የአትላንታው፦ 39 ለ 34። እስካሁን ያመኛል። ግን እውነቱን ልናገር፣ እነዚያን ልጆች አከበርኳቸው።

የሂውስተኑ፦ እሺ፣ የኪፊን አመጣጥ ለእኔም ደስ አይልም። ግን ጋሼ፣ ስለ ኢንዲያና ምንም አላሉም። በ2023 3 ለ 9 ነበሩ። አሰልጣኛቸውን አሰናብተው ከርት ሲግኔቲን ከጄምስ ማዲሰን አመጡ። በሁለተኛ ዓመቱ 16 ለ 0 ሆነው የአገሪቱን ዋንጫ ወሰዱ። ማባረር ባይኖር ይሄ ይኖር ነበር?

የኮሎምበሱ፦ አይኖርም። እዚህ ላይ ተረታሁ። ግን አስተውል፣ ኢንዲያና ያባረረው የመጨረሻውን ጨዋታ ጨርሶ ነው። አሥራ ሁለቱንም ተጫውቶ። እኔ የምለው እሱን ነው። ሐሳቤን ላስተካክል፤ አይባረር አልልም፣ ወቅቱ ይለቅ እላለሁ። ለዚያ ደግሞ የፊርማው ቀን እንደ ድሮው ወደ ፌብሩዋሪ ይመለስ። ያኔ ኃላፊውም አይጣደፍም፣ ልጁም ማን እንደሚያሠለጥነው አውቆ ይፈርማል።

የሂውስተኑ፦ ፌብሩዋሪ ከሆነ እኔም እፈርማለሁ።

የፍሎሪዳ ስቴቱ፦ እኔ ግን ኮሚቴው ላይ አልለቅም። ቦታው 12 ስለሆነ ነገሩ የተፈታ አይምሰላችሁ። አሁን የሚለቀሰው በመጨረሻ በተመረጠውና ለጥቂት በቀረው መካከል ነው። በ2025 ቢ.ዋይ.ዩ (የዩታው ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ) 11 ለ 2 ሆኖ ቀርቷል፤ አላባማ ሦስት ጊዜ ተሸንፎ ገብቷል። ሦስተኛው ሽንፈት በኮንፈረንሱ ፍጻሜ 28 ለ 7 ነበር። ቢ.ዋይ.ዩም በኮንፈረንሱ ፍጻሜ ተሸነፈ። አንዱ ተቀጣ፣ አንዱ አልተቀጣም። ይህን የሚያስረዳኝ ካለ እየጠበቅኩ ነው።

የአትላንታው፦ የአላባማ ተጋጣሚዎች ከባድ ነበሩ። በመስከረም እኛንም ሜዳችን አቴንስ፣ ጆርጂያ ድረስ መጥተው አሸንፈውናል።

የፍሎሪዳ ስቴቱ፦ ይሁን። ታዲያ ያ ሚዛን ከወቅቱ በፊት ይጻፍ። ለሽንፈት ስንት፣ ለተጋጣሚ ክብደት ስንት እንደሚቆጠር ሁሉም አውቆት ይጫወት።

ከአዲስ አበባ፦ እናታችን፣ ይቅርታ፣ ልጅዎ ከዚያ በኋላ የት ደረሰ?

የሰሜን ቨርጂኒያዋ፦ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ወሰደው። በቴሌቪዥን አይታይም፤ ደረጃ የሚያወጣለት ኮሚቴም የለም። እኔና አባቱ በየቅዳሜው ሦስት ሰዓት እየነዳን እንሄዳለን። አሰልጣኙ ያው የፈረመለት ሰው ነው፣ እስካሁን።